ለፋሲካ የሚደርስ ፍራሽ

እሑድ፣ የካቲት 12 ቀን 1998

ይህን ደብተር የዱቄት አከፋፋያችን ለፈረንጆች አዲስ ዓመት ነው የሰጠኝ። በየገጹ ራስጌ የእነሱ ቀን ታትሞበታል፤ እኔ እየሰረዝኩ የእኛን እጽፍበታለሁ። የምግብ ቤቱን ጉዳይ ልመዘግብበት ነበር ሐሳቤ። ዛሬ የምጽፈው ግን የቤቴን ነው።

ታዴዎስ ትናንት ማታ ትራሱንና ብርድ ልብሱን አቅፎ ወደ ትንሿ ክፍል ሄደ። ምነው ብለው ጾም እየገባ አይደል አለኝ። ሁዳዴ ሊገባ ገና ሳምንት አለው! በጾም አልጋ መለየት የአባቶቻችን ሥርዓት ነው፣ ከተጋባን ጀምሮ አክብረነው ኖረናል። ቀድሞ ሲጀምር ግን አይቼው አላውቅም። ባሌ ከጳጳሱም በፊት ጾመኛ ሆነ ብዬ ሳቅኩበት። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ወገቡን ያዝ አደረገ። የመኪናው መቀመጫ ነው። መለዋወጫ ሊያመጣ ሞምባሳ ድረስ በዚያ አሮጌ ፒካፕ ሲመላለስ ወገብ ቢያመው አይገርምም።

ትንሿ ክፍል አልጋ የላትም። ምንጣፍ ላይ ነው ያደረው። ጾመኛ መሬት ይተኛል፣ እሺ።

አልጋችን ላይ ያለው ፍራሽ አርጅቷል፣ ይህን አልክድም። እዚህ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ስንገባ የገዛነው ነው። በእኔ በኩል ጎድጉዷል፣ ምክንያቱም እኔ ወፍራም ሴት ነኝ። ይህን ስጽፍ እያፈርኩ አይደለም። የምግብ ቤት ባለቤት ከሲታ ከሆነች ወጧን ማን ያምናል? ታዴዎስ ደግሞ ቀጭን ነው። እንቅልፍ ሲወስደው እየተንሸራተተ ወደ እኔ ይመጣና ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ ያድራል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኛል። ትናንት ማታ አልጋው ሰፋኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 16

የቅበላ ሳምንት። ክትፎ፣ ጥብስ፣ አሁንም ክትፎ። መቀመጫ ጠፍቶ ሰው በረንዳ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እግሬ አብጧል።

ታዴዎስ ሊያግዘኝ መጥቶ ሒሳብ መቀበያው ጋ ተቀምጦ እንቅልፍ ወሰደው። ደንበኛ ገንዘብ ይዞ ከፊቱ ቆሟል። አፈርኩ። ነገ እጽፋለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 19

ዛሬ ቅበላ ነው፣ ነገ ጾም ይገባል። ከቅዳሴ በኋላ ጫማዬን ሳጠልቅ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። አንደኛዋ ታዴዎስ ምነው እንዲህ ከሳ አለች። ሌላዋ፣ "ብዙነሽ አልጋውን ለብቻዋ ሞልታው እሱ ወለል ላይ ነው አሉ የሚያድረው" አለቻት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ግን ዛሬ ጠቀመኝ። ዞር ብዬ ሁለቱንም ጉንጭ ለጉንጭ ሳምኳቸውና መልካም ጾም አልኳቸው። እንዴት እንደደነገጡ! ቤት ገብቼ ልጄን ሳምራዊትን ይህን ወሬ ማን አወጣው ስላት፣ ለጓደኛዋ ለቀልድ ብላ እንደነገረቻት አመነች። "ማሚ፣ ሶሪ፣ ጆክ ነበር እኮ" አለች። ልጄ ናይሮቢ ነው ያደገችው፣ ቀልድና ሐሜት አትለይም።

ነገሩ አላናደደኝም። ብቻ አልጋውን ለብቻዋ ሞልታው ያለችው ነገር ወጥ ሳማስል ሁለት ሦስት ጊዜ ትዝ አለኝ።

ስለዚህ ቆርጫለሁ። ለፋሲካ አዲስ ፍራሽ ይገባል። ጾሙ ሲፈታ ታዴዎስ ወደ አልጋው ይመለሳል፣ ተመልሶም የሚተኛበት ፍራሽ ባለቤቱን የሚያስከብር ይሆናል። ካልተመለሰ ደግሞ... ለምን አይመለስም? ምን ሆኖ?

ቅዳሜ፣ የካቲት 25

ሳምራዊትን ይዤ ላቪንግተን፣ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ ፍራሽ ልገዛ ሄድኩ። እንግሊዝኛዋ እንደዚያ ያለ ሱቅ ውስጥ ያስከብራል። ፊት ለፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነ፣ ሻጮቹ ክራባት ያሰሩ፣ ሽታው አዲስ መኪና የሚመስል ቤት ነው። አንዱ ሻጭ ተከተለንና በየፍራሹ ላይ መዳፉን እየዘረጋ "ማማ፣ ጃሪቡ" ይለኛል፣ ተኝተሽ ሞክሪው ማለቱ ነው።

እኔ? ባለትዳር ሴት፣ የልጅ እናት፣ ጫማዬን አውልቄ በወንዶች ፊት፣ መንገደኛው ሁሉ በመስታወት እያየኝ አልጋ ላይ ልጋደም? በመዳፌ ተጫንኩት። ሊጥ መቡካቱን በመዳፌ የማውቅ ሴት ፍራሽ አያቅተኝም። ደግሞም ሳምራዊት አለች። ተኚበት አልኳት።

ልጅቷ ስስ ናት፣ ከነቦርሳዋ ብትመዘን የእኔን ግማሽ አትሞላም። በየተራ ተጋደመችባቸው። ጠንካራው ላይ ፊቷን አጨማደደች፣ ወፍራሙና ለስላሳው ላይ ግን ዓይኗን ጨፍና "ማሚ፣ ክላውድ ነው፣ ሲሪየስሊ፣ እዚሁ ልደር" አለች፣ ደመና ማለቷ ነው። እኔም በመዳፌ ስጫነው እጄ እስከ አንጓዬ ሰጠመ። ድሎት ማለት ይህ ነው አልኩ።

ሻጩ ማን ነው የሚተኛበት ብሎ ጠየቀ። ለእንግዳ ክፍል ነው አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም፣ አፌ ቀደመኝ። ለእንግዳማ ከዚህ የተሻለ የለም ብሎ እየሳቀ ደረሰኝ ቆረጠ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 28

ፍራሹ መጣ። ያመጡት ልጆች ላስቲኩን ሊቀዱት ሲሉ አስቆምኳቸው። አዲስ ዕቃ ከነላስቲኩ ነው ዕድሜው የሚረዝም። የሶፋችን ላስቲክ እስኪቀደድ ድረስ ስንት ዓመት ጠብቆታል! አንሶላውን ከላይ አነጠፍኩ፣ አልጋው ከፍ ብሎ አማረ።

ታዴዎስ ከሥራ ሲገባ አሳየሁት። በመዳፉ ነካ ነካ አድርጎ "ጥሩ ነው፣ ይባርከው" አለና ትራሱን ይዞ ወደ ምንጣፉ ሄደ። ጾም ነው እንግዲህ፣ ምን ይላል። ቢሆንም ትንሽ ቁጭ ብሎበት ቢሄድ ምን ነበረበት?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 5

ላስቲኩ በተገላበጥኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ወበቁ ሌላ ነው፣ ዝናቡ ሊጥል ሊጥል እያለ ከተማው ታፍኗል፣ እኔ ደግሞ ላስቲክ ላይ እየተቀቀልኩ ነው። ሌሊት አንሶላው ተንሸራቶ እኔም ተንሸራትቼ ጠርዝ ላይ ነቃሁ። ሳምራዊት በመቀስ ቀደደችልኝ። "ማሚ፣ ማን ነው ፕላስቲክ ላይ የሚተኛው?" አለች።

ዓርብ፣ መጋቢት 15

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ደመናው ወረደ። በእኔ በኩል መሐሉ ሰርጉዷል። ጠዋት ለመነሣት እንደ ድሮ ክንዴን ተመርኩዤ ብገፋ ክንዴም አብሮ ይሰጥማል፤ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሰው ራስጌውን ይዤ ነው የምነሣው። ራስጌውን ወደ ግርጌ አዞርኩት፣ በዚያም በኩል ጎደጎደ። አሁን ሁለት ጉድጓድ አለው። ቀን ወገቤን ያመኛል። እኔን ወገብ አሞኝ አያውቅም።

ታዴዎስ ደግሞ የሚገርመው እየተሻለው ነው። መሬት ላይ እያደረ! ትናንት የጤፉን ጆንያ ብድግ አደረገው።

ማታ ላይ ሳምራዊት፣ "ማሚ፣ ዳዲ ካሳራኒ ምን ይሠራል?" አለችኝ። ኮሌጇ በቲካ መንገድ ስለሆነ በካሳራኒ ሰፈር በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲው፣ ስታልፍ ረቡዕ ረቡዕ የአባቷን ፒካፕ አንድ ፎቅ ቤት በር ላይ ታየዋለች። ደንበኛ ይኖረዋል አልኳት። ደንበኛ ይኖረዋል።

እሑድ፣ መጋቢት 17

ልብስ ላጥብ የረቡዑን ሸሚዙን አነሣሁ። ሸተተኝ። ሽቶ አይደለም። ሽቶ ቢሆን የሚደረገውን አውቃለሁ። ይህ ነጭ ሽንኩርት ነው፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት፣ ከጀርባው በኩል ሳይቀር።

ወጥ ነው። ካሳራኒ ውስጥ አንዷ ወጥ እየሠራች ታበላዋለች።

ይህንን ጽፌ አነበብኩትና ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ግን ሳቄ ቆመ። በዚህ ከተማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ እኔ ጋ ለመብላት ይሰለፋል፣ ባሌ ደግሞ ሌላ ቤት ይበላል? ምናልባት ቀጭን ናት። ቀጭኖች ወጥ አይችሉም፣ ነጭ ሽንኩርት የሚያበዙት ለዚያ ነው።

ሽሮውን ዛሬ አሳረርኩት። ስንት ዓመቴ ነው ሽሮ ካሳረርኩ!

ሐሙስ፣ መጋቢት 21

ኢስሊ ሰፈር ጓደኛዬ ጦይባ ጋ ዋልኩ። ጦይባ የሞያሌ ልጅ ናት፣ ከባሏ ከኑሬ ጋር መጋረጃ፣ ምንጣፍና ፍራሽ ይነግዳሉ። ናይሮቢ ስገባ የመጀመሪያዎቹን መጋረጃዎቼን በዱቤ የሰጠችኝ እሷ ናት። ከእኔ ብትተናነስ በጥቂት ነው፤ እኛ ሁለታችን አንድ ሶፋ ላይ ከተቀመጥን ሦስተኛ ሰው ወንበር ይፈልጋል።

ስለ ካሳራኒ አልነገርኳትም። ስለ ፍራሹ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰምታኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦

"ስትገዢው ማን ነው የተኛበት?"

"ሳምራዊት።"

ሻይዋን አስቀመጠች። "ወላሂ፣ ብዙዬ፣ ጫማ ስትገዢስ እግሯን ነው የምታስለኪው?"

ከዚያ እያንዳንዱን አስረዳችኝ፣ እኔም የሚጠቅም ነገር ስለሆነ እጽፈዋለሁ። ወፍራም ፍራሽ ማለት ጠንካራ ፍራሽ ማለት አይደለም። በመዳፍ ሲጫኑት የሚሰጥመው ስፖንጅ ውስጡ አየር ነው፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ሲተኛበት አየሩ ይወጣና ተመልሶ አይነፋም። ስፖንጁ የታመቀ መሆን አለበት። ለመለየት የሁለት እኩል ፍራሾችን ጠርዝ ብድግ ማድረግ ነው፤ ክንድ የሚሰብረው እሱ ጥሩው ነው። ጠርዙ ላይ ቁጭ ሲሉበት ታጥፎ ሊጥል ከቃጣ ይቅር። ከላይ ትንሽ ልስላሴ ቢኖረው አይጎዳም፣ መሠረቱ ግን ዳሌ እንዳይሰጥም፣ ወገብም ባዶ እንዳይቀር መሸከም አለበት። የአልጋው ርብራብም ከተራራቀ ምርጥ ፍራሽ እንኳ በየክፍተቱ ይወርዳል።

ይህን ሁሉ ብላ ስታበቃ፣ ዋናው ግን የሚተኙበት ሰዎች ራሳቸው፣ ሁለቱም፣ ጎን ለጎን ተጋድመው ቢያንስ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ መቆየታቸው ነው አለችኝ። እሷና ኑሬ የራሳቸውን ያን ጊዜ ያከፋፍላቸው በነበረው ነጋዴ መጋዘን ውስጥ እንዲያ አድርገው ነው የመረጡት። አምስት ተሸካሚ ቆሞ እያየ!

ሳቅኩ፤ ግን ፊቴ ጋለ። እኔ አላደርገውም። ደግሞ ከባሌ ጋር፣ በሁዳዴ?

ረቡዕ፣ መጋቢት 27

ካሳራኒ ደርሼ መጣሁ። ተከትዬው አይደለም፣ ለፋሲካ የዶሮ ዋጋ ልጠይቅ ነው።

ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 28

የዶሮ ዋጋ አልጠየቅኩም። ለራሴ ደብተር መዋሸት ምን ይባላል?

ፒካፑን በር ላይ አገኘሁት። ጥበቃውን ባለቤቱ የት ገባ ስለው ሁለተኛ ፎቅ፣ መጨረሻው በር አለኝ። በየደረጃው የምላትን እያሰብኩ ወጣሁ። ብዙ ጥሩ ጥሩ ነገር አስቤ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ስደርስ ግን ትንፋሼ ስላጠረኝ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። በሩ በሙቀቱ ምክንያት ገርበብ ብሏል። መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት። ቀጥሎ ታዴዎስ አቃሰተ፤ ሰው ሲያመው የሚያቃስተውን።

በቀዳዳው አየሁት። ሸሚዙን አውልቆ ወለል ላይ በሆዱ ተኝቷል፣ አንድ ሽማግሌ በዘይት የራሰ አውራ ጣታቸውን ወገቡ ላይ ይጭናሉ። ወጌሻው ሥዩም ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አውቃቸዋለሁ፣ ካሳራኒ መኖራቸውን ግን አላውቅም ነበር።

ቃል በቃል የሰማሁትን እጽፋለሁ። ሥዩም፣ "መሬት መተኛትህ ነው ያዳነህ። ከፋሲካ በኋላ ያ ጎድጓዳ ላይ ከተመለስክ ግን ልፋታችን ሁሉ ከንቱ ነው። ንገራት እንጂ" አሉት።

ታዴዎስ፣ "ብነግራት እሷ ናት መሬት የምትወርደው። አልጋውን ለእኔ ትታ መሬት ላይ ትተኛለች፣ አውቃታለሁ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ እንደዚያ አትስቅም" አለ።

"እና እስከ መቼ በጾም ታሳብባለህ?"

መልሱን አልጠበቅኩም።

ወረድኩ። በማታቱ ውስጥ አለቀስኩ። ሙዚቃውን አስጩኸውት ስለነበር ማንም አልሰማኝም። ያለቀስኩት ስለወፈርኩ አይደለም። ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ ሲያድር ደስ የሚለኝ ሌሊት ሁሉ እሱ ወገቡ እየተጣመመ ነበር፣ ጠዋት ጠዋትም እንዴት አደርሽ ብሎ ይስመኝ ነበር። እኔ ደግሞ ወጥ ታበላዋለች ብዬ!

ልክሳ እንዴ ብዬም አሰብኩ። ሐኪም ካዘዘኝ እከሳለሁ፣ ሐሜተኛ ስላለ ግን አልከሳም። ብከሳም በአንድ ጾም አይሆንም፣ ፋሲካ ደግሞ ደርሷል። ፍራሽ ግን በአንድ ቀን ይለወጣል።

እሑድ፣ ሚያዝያ 8፣ ሆሣዕና

ዘንድሮ የኬንያውያኑ ፋሲካ በእኛ ሆሣዕና ላይ ዋለ። ጎረቤቶቻችን ፍየል ያርዳሉ፣ እኛ ዘንባባ ጣታችን ላይ አስረን ሽሮ እንበላለን። ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው፣ የሙስሊሞቹ ሰፈር ኢስሊ ብቻ ትሠራለች።

ከምሳ በኋላ ታዴዎስን ማክሰኞ ከእኔ ጋር ጦይባ ጋ ትሄዳለህ አልኩት። ለምን አለ። ፍራሽ ልንመርጥ፣ ተኝተን። ዓይኑን አፈጠጠ።

"ብዙ፣ ሕማማት ነው እኮ።"

"በሕማማት መታሸት ከተፈቀደ መጋደምም ይፈቀዳል" ልለው አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። በልጃችን ፊት አይሆንም። ሱቁ ሊዘጋ ስለሆነ ነው ብዬ ዋሸሁ። ቀና ብሎ አየኝ፣ እሺ አለ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 10

ሄድን። ጥቁር ለብሻለሁ፣ ሳምንቱ ነውና። የጦይባ ፍራሾች ያሉት ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ሴቶች መጋረጃ ይመርጣሉ፣ ኑሬ ስልክ ያናግራል፣ ሁለት ተሸካሚዎች ጥግ ይዘው ቆመዋል። ጦይባ ቀስ ብላ ጆሮዬ ላይ፣ መጋረጃ ልዘርጋላችሁ ወይ አለችኝ። እሺ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ግን ተይው አልኳት። በሐሜት ከታየሁ በዓይን ብታይ ምን ይቀርብኛል?

ጫማዬን አወለቅኩ። ነጠላዬን ለጦይባ ሰጠኋት። ተጋደምኩ።

የመጀመሪያው ሰጠመ፣ ተነሣሁ። ሁለተኛው ዳሌዬን ያዘው፣ ወገቤ ሥር ግን እጄ ያልፋል፣ ተነሣሁ። አንደኛዋ ገበያተኛ መጋረጃውን ትታ እኔን ታያለች። ትይ። ሦስተኛውን ተሸካሚዎቹ እያማረሩ ነው ከግድግዳ ያወረዱት፣ አንዱ በኪስዋሂሊ ድንጋይ አለው። ውፍረቱ ከላቪንግተኑ ያንሳል። ጠርዙ ላይ በሙሉ ክብደቴ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ፣ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ተኛሁ። ይህኛው ተቀበለኝ እንጂ አልዋጠኝም። ወደ ጎን ዞርኩ፣ በጀርባዬ ሆንኩ፣ ክንዴን ሳልመረኮዝ ተነሥቼ እንደገና ተኛሁ።

ታዴዎስን ና አልኩት። ዙሪያውን አየ። ጫማውን ሲፈታ ስንጋባ እንኳ እንደዚያ አላፈረም። መጣ፣ በጀርባው ተጋደመ፣ እጁን ሆዱ ላይ አጣመረ። ጦይባ ሻይ አምጣ ብላ ኑሬን ይዛው ወረደች፣ ተሸካሚዎቹንም አስከትላ።

አልተንሸራተተም። በተኛበት እዚያው ቀረ፣ በመሐላችንም ለሕፃን የሚሆን ቦታ ነበረ። የፈለግኩት ይህንን ነው፣ ግን ልቤ ወረደ። ከእንግዲህ ወደ እኔ የሚያመጣው ጉድጓድ የለም ማለት ነው።

ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ፣ "ሥዩም ጋ እንደምትሄድ አውቃለሁ" አልኩት።

"ከመቼ?" አለ።

"ሲያሹህ አይቻለሁ። ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? ወፈርሽ ብዬ?"

"መወፈሬን አውቃለሁ፣ መስታወት አለኝ።"

ሳቀ። ወገቡን አልያዘም።

"ብነግርሽ ትርቂኛለሽ ብዬ ነው" አለ።

"አንተስ ርቀህ የለ?"

ይህን ስለው ድምፄ ተሰበረ። ሳያየኝ "ልክ ነሽ" አለ። ሻዩ እስኪመጣ ተኛን፤ ከመጣም በኋላ እስኪቀዘቅዝ አልተነሣንም። ወገብህስ ስለው፣ ምንም አይለኝም አለ። ጦይባን ይኸኛው ነው አልኳት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 12

ፍራሹ ገባ። አናጢ ጠርቼ በርብራቡ መሐል ጣውላ አስጨመርኩ። ላስቲኩን በቢላ ራሴ ቀደድኩት፣ ማንንም አላስጠጋሁም። የላቪንግተኑ ደመና ወደ ሳምራዊት ክፍል ሄደ፣ ድሮም ለእሷ ነው የተገዛው። እሷ ላይ ምንም አይሰጥምም።

ስግደት አለብን። ቸኩያለሁ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 14

ዶሮ፣ ሽንኩርት፣ ዶሮ፣ እንቁላል። እጄ በርበሬ ነው፣ ገጹን አበላሸሁት።

ታዴዎስ አሁንም ምንጣፉ ላይ ነው ያለው። ስለ ዛሬ ማታም ስለ ነገም ምንም አላለም። እኔም አልጠየቅኩትም። መጠየቅ አቅቶኝ አይደለም። የተጠየቀ ሰው በይሉኝታ ይመጣል፤ በይሉኝታ የሚመጣ ደግሞ ከሚንሸራተት አይሻልም።

ካልመጣ ግን አዲሱ ፍራሽ የእኔ የብቻዬ ነው ማለት ነው። ያቺም ሴትዮ ልክ ነበረች ማለት ነው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 16፣ የፋሲካ ማግሥት

ፋሲካ ጥሩ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሰው ቤቱን ሞላው፣ ጦይባና ኑሬም ከሰዓት መጥተው ቤት ያፈራውን ፍራፍሬና ኬክ በሉ። ያቺ ሐሜተኛ ሴትዮም መጥታ ነበር። ሁለተኛ ዶሮ ጨመርኩላት፣ ደስ ብሎኝ። ታዴዎስ ቀኑን ሙሉ ጠጅ ሲቀዳ፣ ሲጫወት፣ ሲስቅ ዋለ። ወደ እኔ ሲያይ አንድ ሁለቴ ያዝኩት።

እንግዳው ሲወጣ ዕቃውን አጣጥቤ ገባሁ። ንጹሕ አንሶላ አንጥፌ በእኔ በኩል ተኛሁ። በሩን አልዘጋሁም፣ አልጠራሁትምም። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ትንሿ ክፍል በር ሲከፈት ሰማሁ። ቀጥሎ መብራት ጠፋ። ውሃ ሊጠጣ ነው አልኩ።

ትራሱን ራስጌው ላይ ሲያስቀምጥ ነው የነቃሁት፣ ማለት ተኝቼ አልነበረም። በእሱ በኩል ተጋደመ። ፍራሹ ቀጥ ብሎ ያዘን፣ እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ መሐላችን ክፍት። አልተንቀሳቀስኩም። እንቅልፍ ወሰደው ብዬ ትንፋሹን አዳመጥኩ፣ አልወሰደውም፣ እንቅልፉን አውቀዋለሁ።

ከዚያ ብርድ ልብሱ ተሳበ። ፍራሹ በክርኑ ሥር ትንሽ ረገብ አለና መለሰ። ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ፣ እንደ ድሮው፣ ግንባሩን ትከሻዬ ላይ አድርጎ።

"ወገብህን እንዳያምህ" አልኩት።

"ተኚ፣ ብዙ" አለኝ።

ዛሬ ጠዋት አንሶላውን ሳነሣ ፍራሹን ከዳር እስከ ዳር በመዳፌ ዳበስኩት። የጎደጎደ ቦታ የለውም። ራሱ ነው የመጣው።